በበረዶው ላይ ስለወረወርኩት ፒሮዥኪ የተጠየቅሁት ይቅርታ

ለክቡር አርካዲ ቬንያሚኖቪች
የክልሉ የስኬቲንግ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት
ዛሬቺንስክ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን፣ ጉሮሮዎ ካለፈው ቅዳሜ ረጅም ንግግር እንዲያገግም፣ በክብር ወንበርዎ ላይ እግርዎን የጠቀለሉበት ወፍራም ብርድ ልብስም ከአዳራሹ ቅዝቃዜ እስከ ዘለቄታው እንዲጠብቅዎ ያለኝን ልባዊ ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኛ በላይኛው ረድፍ የተቀመጥነው ደህና ነን። እግራችን ትንሽ ደንዝዞ ነበር፤ አሁን ተመልሷል።

በፌዴሬሽኑ ማኅተም የተላከልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። «ምግብ ነክ ባዕድ ነገር» ወደ በረዶው በመወርወሬ ለአንድ ዓመት ወደ አዳራሹ እንዳልገባ መታገዴን፣ በጽሑፍ ይቅርታ ከጠየቅሁ ግን ቅጣቱ እንደገና ሊታይልኝ እንደሚችል ይገልጻል። ስለዚህ ይቅርታ ልጠይቅ ተቀምጫለሁ። ይቅርታው ብቻውን ሲሄድ እንዳይበርደው ጥቂት ምስጋናዎችን አብሬ ልኬያለሁ። የእርስዎ መልካም ሥራ በመሳቢያ ውስጥ ተዘግቶ እንዲቀር ልቤ ስላልፈቀደ፣ የከተማችን ጋዜጣም እንዲያወጣው ጠይቄያለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ሳቬሊ ዱብራቪን እባላለሁ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባለፈው በጋ በልምምድ ካምፕ የሞተችው፣ ቤት ውስጥ ታያ የምንላት የታይሲያ ዱብራቪና ታላቅ ወንድም ነኝ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ፌዴሬሽኑ ባወጣው መግለጫ ላይ «ድንገተኛ የልብ ሕመም» ብሎ ጽፏል፤ ሐኪሙ ለእናቴ የነገራት ግን ልቧ የሚመታበት ምግብ አጥቶ እንደቆመ ነው። ሁለቱም ስለ ልብ የሚናገሩ በመሆናቸው ልዩነቱ ለፌዴሬሽኑ ጥቃቅን ነገር ሳይመስለው አልቀረም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ ካጡ ብዬ ከወዲሁ ልናገረው። የእህቴን ስም ከዋንጫችሁ ላይ አንሱልን።

አሁን ወደ ምስጋናው።

፩. ዋንጫውን በእህቴ ስም ስለሰየማችሁ፣ በተለይም ይህን ስታደርጉ ቤተሰቧን በጥያቄ ስላላስቸገራችሁ አመሰግናለሁ። ሐዘንተኛ ቤት ስልክ መደወል ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። እኛ የሰማነው እንደማንኛውም የከተማው ነዋሪ ከትሮሊባስ ማቆሚያው ማስታወቂያ ላይ ነው። «የታይሲያ ዱብራቪና መታሰቢያ ዋንጫ፦ በበረዶ ላይ ከሁሉ የላቀ ቅለት ላሳየ ወጣት ተወዳዳሪ» ይላል። ከሥሩ ፎቶግራፏ አለ፤ በመጨረሻው የውድድር ዓመቷ የተነሳችው፣ የአንገቷ አጥንቶች ጥላ የጣሉበት ፎቶግራፍ። እናቴ ከገበያ የተመለሰችበትን ቦርሳ እንደያዘች ቆማ ትሮሊባሱ መጥቶ ሄደ። «ሳቫ፣ እስኪ አንብብልኝ፤ መነጽሬን አልያዝኩም» አለችኝ። መነጽሯ ዓይኗ ላይ ነበር። አነበብኩላት። «ለምን?» አለች፤ «ለምን እንደሚሰጥ ደግመህ አንብብልኝ።» ደግሜ አነበብኩላት።

የእህቴን የውድድር ልብሶች የሰፋችው እናቴ ናት። ያን ዓመት ሙሉ በየጥቂት ሳምንቱ ወገቡን ስታጠብብ ኖራለች። እናንተ ግን በሞያ ቋንቋ «ቅለት» የሚል ስም አወጣችሁለት፤ እኛ ቤት ውስጥ ይህን የመሰለ የሚያምር ቃል አልነበረንም።

፪. ስለ ውድድሩ ራሱ ደግሞ ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱም እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። እኔ ተንሸራትቼ አላውቅም። ታያ «አንተ እኮ በረዶ ላይ የቆመ ቁም ሣጥን ነህ» ትለኝ ነበር። ይሁንና እሷ ስትለማመድ በላይኛው ረድፍ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ስላደግሁ፣ ጥሩ ተንሸራታችን ቀና ብዬ ሳላይ በጆሮዬ እለየዋለሁ። የጫማው ስለት በደንብ ሲይዝ በረዶው አይንጫጫም፤ ረጅም ጨርቅ ቀስ ብሎ ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። ቅዳሜ ይህን ድምፅ ከሰማሁ ወራት ካለፉ በኋላ እንደገና ሰማሁት፤ ያልጠበቅሁት ደስታ ስለሆነብኝም ለጊዜው ፊቴን በሻርፕ ሸፈንኩ።

ጌርማን የሚባለው የጎረቤት ከተማ ልጅ በአኮርዲዮን ሙዚቃ ወጥቶ የመጀመሪያውን ዝላይ ወደቀ፤ ሁለተኛውንም ወደቀ፤ ሦስተኛው ላይ ሲወድቅ እዚያው በረዶው ላይ ተቀምጦ ሳቀ። አዳራሹ አብሮት ሳቀ፤ ከዚያም በጭብጨባ ደግፎ እስከ መጨረሻው አደረሰው። መጨረሻ ወጣ፤ የሚገባው ነው፤ በዳኞቹ ላይ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ሲወጣ አባቱ በሩ ላይ ቆሞ «አንተ ጆንያ!» ብሎ እየሳቀ አቀፈው፤ ልጁም ወዲያው ከአባቱ ኪስ ቸኮሌት አውጥቶ ገመጠ። ይህን ትዕይንት ከማንኛውም ሽክርክሪት ይበልጥ ረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። ይህ ልጅ የሚሠለጥነው በሌላ ክልል ስለሆነ የእርስዎን ስም ሊያጎድፍ አይችልም፤ አይስጉ።

ከዚያ የእኛ ክለብ ልጆች ወጡ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ነበር፤ እንደኔ ውድድር የማያመልጣቸው ናቸው። አንደኛዋ «ይቺን ተመልከቻት እስኪ፣ ነፋስ እኮ ናት!» አለች። ጓደኛዋ ሻይዋን ከፔርሙስ እየቀዳች «ምን ነፋስ ናት እቴ፣ ርሃብ ናት» አለቻት። ክቡርነትዎ፣ የፌዴሬሽኑ የሕክምና ኮሚቴ እህቴ ከሞተች ጀምሮ ለወራት ፈልጎ ያላገኘውን አንዲት ሴት ሻይ እየቀዳች አገኘችው። ኮሚቴውን እንዳታሳፍሩት።

፫. ነጥብ በሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ፊት ማይክሮፎን ስላስቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን ከኢኔሳ ቦሪሶቭና በቀር አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። ኢኔሳ ቦሪሶቭና የእህቴ አሰልጣኝ ነበሩ፤ አሁንም የክለቡ ዋና አሰልጣኝ ናቸው፤ በዚህም ረገድ ፌዴሬሽኑ ያሳየውን ጽናት አደንቃለሁ። ነፋስ የተባለችው ልጅ ኡልያና ትባላለች፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ጨርሳ ስትወጣ የስለቷን መሸፈኛ ለማድረግ አጥሩን መያዝ ነበረባት። ከዚያ አሰልጣኟ አጠገብ ተቀመጠች፤ እኛም ሁላችን በድምፅ ማጉያው የሚከተለውን ሰማን።

«አንደኛ ትወጫለሽ። ግን ሁለተኛው ዝላይ ላይ ምን ጎተተሽ?»

«ምንም አልጎተተኝም።»

«ትናንት ማታ ምን በላሽ?»

«ፖም።»

«ሙሉ ፖም?»

«ግማሽ… ከግማሽ ትንሽ የበለጠ።»

«በይ ይኸውልሽ፣ የጎተተሽ እሱ ነው። ፈገግ በይ፣ ካሜራ አለ።»

ልጅቱ ፈገግ አለች። አዳራሹ ውስጥ የሳቀ ነበር፤ እርስዎም ብርድ ልብስዎን እያስተካከሉ ሳቁ። ቀልዱ የገባዎት በመሆኑ ደስ ብሎኛል። እኔ ቀልዱን ከዚያ በፊት ሰምቼው ስለነበር አልሳቅሁም። እኛ ቤት ኩሽና ውስጥ ታያ ራሷ በኢኔሳ ቦሪሶቭና ድምፅ እየቀለደች ታወራው ነበር፤ ያኔ ፖሙ ሩብ ነበር።

፬. የልጆቹ መልበሻ ክፍል በር ላይ ያለውን ሚዛን ስለቀየራችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የድሮው ቁጥሩን አሳይቶ ዝም ስለሚል ኢኔሳ ቦሪሶቭና በየማለዳው በተሰለፉት ልጆች ሁሉ ፊት ራሳቸው መጮህ ነበረባቸው። አዲሱ ራሱ ይናገራል። ቅዳሜ ጠዋት ከውድድሩ በፊት በበሩ ሳልፍ ሰምቼዋለሁ፤ ጥርት ያለ የሴት ድምፅ አለው፤ ትሁት ነው፤ በመጨረሻም «መልካም ቀን» ይላል።

፭. አሁን ወደ ንግግርዎ እመጣለሁ። በሽልማቱ ሰዓት ወደ በረዶው በተዘረጋው ቀይ ምንጣፍ ላይ ወጥተው፣ የክለቡ ሕፃናት በሙሉ በፊትዎ ተሰልፈው፣ «ታያ ላባ ነበረች» አሉ። «ልጆች፣ ሁላችሁም እንደ ታያ ሁኑ!» አሉ። ልጆቹም ሥርዓት የተማሩ ስለሆኑ በአንድ ድምፅ «እሺ!» አሉ።

ያንን «እሺ» እስካሁን እሰማዋለሁ። የኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እሰማዋለሁ። ድንገት ቁጣ ይይዘኛል፤ መምህሯም «ዱብራቪን፣ አሞሃል እንዴ?» ትለኛለች።

ለመሆኑ እርስዎ ሁሉም እንዲመስሏት የፈለጉት የትኛዋን ታያ ነው? የማውቃት ታያ በካርታ ጨዋታ ታጭበረብር ነበር፤ ሲነቃባትም ካርታውን ትበትንና «አሁን ማን ያውቃል?» ትላለች። የሰው አነጋገር ትቀዳለች፤ የእርስዎንም ትቀዳ ነበር፤ «ውድ ወጣቶቻችን» ሲሉ አፍንጫዎ ውስጥ የሚቀረውን ድምፅ ሳይቀር ታወጣው ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉላት። የምትወዳደርበትን ሙዚቃ በጣም ስለምትጠላው ቤት ውስጥ ማንም ሲያፏጨው ከሰማች ትራስ ትወረውራለች። እንደዚህ ሁኑ ብለው ቢሆን ኖሮ እኔም ከላይኛው ረድፍ ቆሜ «እሺ» እል ነበር። እርስዎ ግን ያሏቸው «ላባ» ነው። ልጆቹ ላባ የሆነች ልጅ ወዴት እንደሄደች ያውቃሉ፤ አልጋዋ አጠገብ የተኙ፣ ካምፑ ውስጥ ያን ቀን አብረዋት የነበሩ ልጆች አሉባቸው። እሺ ያሉትም እያወቁ ነው።

ከዚያም የእህቴን ዋንጫ ለኡልያና ሰጧት። ዋንጫው ስለከበዳት በሁለት እጇ አቅፋ ያዘችው።

፮. አሁን ይቅርታ ወደምጠይቅበት ጉዳይ ደርሻለሁ፤ ስላስጠበቅሁዎ አዝናለሁ።

በዕረፍቱ ሰዓት ከአዳራሹ ቡፌ አንድ ጎመን የተሞላ ትንሽ ዳቦ፣ ፒሮዥኪ፣ ገዝቼ ነበር። ቡፌዋን የሚይዙት እትዬ ዞያ ከልጅነቴ ያውቁኛል። «አንተ ልጅ፣ ጉንጭህ ወዴት ሄደ? እሱንም አሰልጣኟ ወሰዱት?» ብለው ትኩስ የሆነውን መርጠው ሰጡኝ። ሌላ ጊዜ ከልምምድ በኋላ ታያ ከቡፌው ፊት ለፊት ትቆምና «ሳቫ፣ አጠገቤ ቆመህ ብላ፤ እኔ ሽታው ይበቃኛል» ትለኝ ነበር። እንዲህ ስትለኝ እስቅ ነበር፤ እሷም ትስቅ ነበር፤ ቀልድ ነበራ። ቅዳሜ ያንን ፒሮዥኪ መብላት አልቻልኩም። በናፕኪን ጠቅልዬ ያዝኩት።

እርስዎ ከተናገሩ በኋላ ሕዝቡ እንደ ልማዱ አበባና አሻንጉሊት መወርወር ጀመረ። ቅጠል ወይም ጭረት በረዶው ላይ ቀርቶ የሚቀጥለውን ተንሸራታች እንዳይጥል፣ የሚወረወር ነገር ሁሉ ዙሪያውን በላስቲክ ተጠቅልሎ ጫፉ በስቴፕለር መመታት እንዳለበት እኛ የስኬቲንግ ወዳጆች በእንቅልፋችን እንኳን እናውቃለን። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ከአበባቸው የተረፈ ላስቲክ ነበራቸው። ምን እንደምጠቀልል ሲያዩ ስቴፕለሩን አቀበሉኝ። ስለዚህ በክስዎ ውስጥ «ለተወዳዳሪዎች ደኅንነት አደገኛ በሆነ ሁኔታ» የሚለው ሐረግ ስህተት መሆኑን በአክብሮት አሳስባለሁ፤ አንዲት ፍርፋሪ አልወደቀችም። በዚያ ምሽት ለልጆች አደገኛ ያልነበረ ነገር ቢኖር እሱ ፒሮዥኪ ነው።

አበባ የምትለቅመው የስድስት ዓመት ልጅ አነሳችው። አየችው፤ አሸተተችው፤ ግራ ገባት። ነገር ግን ለአሸናፊ የተወረወረ ሁሉ ለአሸናፊ እንዲደርስ ስለተማረች ከድብ አሻንጉሊቶቹ ጋር አቅፋ ለኡልያና አደረሰችላት። ኡልያና ጀርባዋን ወደ አሰልጣኟ አዞረች። ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው። ሜዳሊያው አንገቷ ላይ እንዳለ፣ ዋንጫውን በብብቷ ይዛ፣ ሁለት ጉንጮቿ እስኪወጠሩ ድረስ በላች። ሳታኝክ እንደምትውጥ ከላይ ሆኜ ይታየኝ ነበር። ግማሹ እንደቀረ ኢኔሳ ቦሪሶቭና ዞር ብለው አዩና ከእጇ ነጠቋት፤ በዚህም ጊዜ ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር። «ትፊው!» ሲሉ ሰማን። ልጅቱ አልተፋችም።

ጥበቃው ወደ እኔ ሲመጣ ሁለቱ ሴቶች «ምን አጠፋ?» ብለው ተነሱበት። እሱ ቀስ ብሎ «ና ውጣ ወንድሜ፤ እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፤ ግን ውጣ» አለኝ። ወጣሁ። ጥበቃውን እንዳይቀጡብኝ፤ ክንዴን እንኳ በደንብ ይዞኝ ነበር።

እነሆ ይቅርታዬ። ኡልያናን፣ አንድ ብቻ በመወርወሬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። እትዬ ዞያን፣ ትኩስ የሰጡኝን እስኪቀዘቅዝ በመያዜ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። አበባ የምትለቅመዋን ልጅ ግራ ስላጋባኋት፣ በተለይም «እሺ» ካሉት መካከል እሷም ስለነበረችና ፈልጌ አግኝቼ «ቃልሽን አትጠብቂ» ብዬ ስላልነገርኳት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። እርስዎን ግን ይቅርታ የምጠይቅበትን ነገር በቅንነት ፈልጌ አላገኘሁም። እገዳውንም ሙሉውን ዓመት እፈጽማለሁ፤ ለማንም ሲባል እንዳይቀነስልኝ። የሚቀጥለው ውድድር በመጋቢት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የዚያን ጊዜ ልጆቹ በእህቴ ስም ሌላ ልጅ ለመሸለም እንዳይሰለፉ ስሟን መልሱልን። ሌላ የምጠይቀው ካሳም፣ ሐውልትም፣ የዝምታ ደቂቃም የለም። በተለይ የዝምታ ደቂቃ አንፈልግም፤ ፌዴሬሽኑ በዚያ በኩል ከሚበቃ በላይ አድርጎልናል።

በክብር ወንበርዎ ፊት ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ በበረዶ አዳራሹ በር በውጭ በኩል ቆሜ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ሙሉ ማዕድን፣ ልጅ ልጆችዎም ሳይመዘኑ የሚያድጉበትን ቤት ከልብ የምመኝ፣ ሁልጊዜም ትሁት አገልጋይዎ፣

ሳቬሊ ዱብራቪን
የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ የታያ ወንድም

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የኡልያና እናት ቤታችን መጣች። ዋንጫውን በፎጣ ጠቅልላ ይዛ ነበር። «ይሄን ነገር ቤቴ አላሳድረውም» አለች ኮቷን ሳታወልቅ። «ከክለቡ አስወጣኋት። ሐኪም ጋ ወስጃታለሁ። አለቀሰች፣ ሰደበችኝ፣ እጠላሻለሁ አለችኝ። ከዚያ በላች።» እናቴ ወንበር ሳበችላት፤ ሁለቱም አብረው ሻይ ጠጡ። እኔ በዚያ መካከል የአባቴን ሞረድ አምጥቼ የእህቴን ስም ከዋንጫው ላይ ፍቄ አጠፋሁት፤ እናቴም አልከለከለችኝም። ስለዚህ የለመንኩዎትን ነገር ለመፈጸም መድከም አያስፈልግዎትም። ዋንጫውን ሰኞ ከትምህርት በኋላ ለጸሐፊዎ በር ላይ አስረክባለሁ። የተፋቀው ቦታ አሁን ያብረቀርቃል። ሌላ ልጅ ሞታ እስክትሞላው ከመጠበቅ የራስዎን ስም ቢያስቀርጹበት ይሻላል፤ ለክቼዋለሁ፣ ከነአባትዎ ስም በደንብ ይበቃል።